የተረፈ ክትባት ተጠባባቂ ዝርዝር፦ የስልክ ምዝገባውና የፋርማሲው ደብተር

እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያዎቹ ወራት የኮቪድ 19 ክትባት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ በሜሪላንድ ግዛት ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ለምትኖረው እናቴ ክትባት ስፈልግ ሁለት አገልግሎቶችን ተጠቅሜአለሁ። ሁለቱም የቆሙለት ሥራ አንድ ነው፤ ተከፍቶ ሳያልቅ በቀኑ መጨረሻ በብልቃጥ ውስጥ የቀረውን ክትባት ከመደፋቱ በፊት ለሰው ማድረስ። አንደኛው በኢንተርኔት የሚመዘገቡበትና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚጠሩበት የተጠባባቂዎች አገልግሎት ሲሆን ብዙ ክትባት ሰጪዎችን በአንድነት ያገለግል ነበር፤ ሁለተኛው በአንድ የሰፈር ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ በደብተር የሚያዝ የስም ዝርዝር ነው። ለመጀመሪያው ከአምስት ኮከብ ሁለት፣ ለሁለተኛው አራት እሰጣለሁ። የሁለቱንም ስም የማልጠቅሰው የምመዝነው አሠራራቸውን ስለሆነ ነው፤ ያ አሠራር ደግሞ በሚቀጥለው ወረርሽኝ ጊዜ በሌላ ስም ተመልሶ እንደሚመጣ አምናለሁ።

እናቴ ያን ጊዜ 68 ዓመቷ ነበር፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ሜሪላንድ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ክትባቱን የፈቀደችው ጃንዋሪ 25 ስለሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራው የእርሷም ነበር። ይሁን እንጂ የተፈቀደለት ሰው ብዛትና የመጣው ክትባት ፈጽሞ የማይመጣጠን በመሆኑ ሌሊት ተነሥቼ የምከፍታቸው የቀጠሮ ገጾች ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሞልተው ይዘጉ ነበር። ፌብሩዋሪ 11 የፌዴራሉ መንግሥት ክትባት በቀጥታ ለፋርማሲዎች ማከፋፈል ሲጀምር ነገሩ ይቃለላል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር፤ ለእኛ ግን አልተቃለለም። በተጠባባቂ ዝርዝር ያስመዘገብኳት ያን ጊዜ ነው። ይህን የምናገረው አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ ስለምፈልግ ነው። እናቴ የሌላውን ወረፋ ለመቅደም አልሞከረችም፤ የተፈቀደላት ሆና ሳለ ቀጠሮ ያጣች ሰው ነበረች። የተረፈ ክትባት ዝርዝር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያገለግል የሚገባው እንዲህ ያለውን ሰው ይመስለኛል፤ ሁለቱንም አገልግሎቶች የመዘንኩት በዚህ ሚዛን ነው።

የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ ክትባት አጥቶ እየተንከራተተ ክትባት እንዴት ሊተርፍ ይችላል የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኝ ነበር። መልሱ ያለው በብልቃጡ ውስጥ ነው። የሞደርና ክትባት በዚያ ወቅት በአንድ ብልቃጥ 10 ዶዝ ይዞ ይመጣ ነበር። ያልተከፈተው ብልቃጥ በተራ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 30 ቀን ይቆይ ነበር፤ መርፌ አንዴ ከገባበት በኋላ ግን በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ ነበር፤ ይህ ጊዜ ወደ 12 ሰዓት የተራዘመው በኤፕሪል መጀመሪያ ነው። የፋይዘር ክትባት ደግሞ እጅግ ከቀዘቀዘ ፍሪዘር ወጥቶ ከቀለጠ በኋላ በ1.8 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ተበርዞ ይዘጋጅ ነበር፤ ከተበረዘ በኋላ ያለው ዕድሜም እንዲሁ ስድስት ሰዓት ነበር። የፋይዘር ብልቃጥ መጀመሪያ የተፈቀደው አምስት ዶዝ ይወጣዋል ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ የተበረዘው ፈሳሽ በጠቅላላው 2.25 ሚሊ ሊትር፣ እያንዳንዱ ዶዝ 0.3 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ከተወጋ በኋላ በውስጡ በጣም ጥቂት ፈሳሽ ብቻ የሚያስቀር ስሪንጅ ያለው ባለሙያ ስድስተኛ ዶዝ ማውጣት እንደሚችል በዲሴምበር 2020 ታወቀ፤ በጃንዋሪም የብልቃጡ መግለጫ ወደ ስድስት ተለወጠ። ተራ ስሪንጅ ብቻ የተላከለት ግን ስድስተኛውን ብዙ ጊዜ ያጣዋል። ከአንዱ ብልቃጥ የተረፈውን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ አንድ ዶዝ መሙላት ለብክለት ስለሚያጋልጥ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት የቀረባቸው አሥር ብልቃጦች ቢደረደሩ እንኳ ለአንድ ሰው አይሆኑም።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። አንድ ፋርማሲ ለቀኑ 63 ቀጠሮ ቢይዝና ሰባት ሰዎች ቢቀሩ የሚወጋው 56 ሰው ነው። ባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ ስድስት ይከፍታል፤ አራት ዶዝ ይተርፈዋል። ይህ ግን ብልቃጦቹ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከፈተ ከሆነ ነው። ሦስት ጠረጴዛ ዘርግቶ በእያንዳንዱ ላይ የየራሱን ብልቃጥ የሚከፍት ቦታ በመዝጊያው ሰዓት ሦስት የተጀመሩ ብልቃጦች ሊቀሩበት ይችላሉ፤ ሦስቱም አንዳንድ ዶዝ ብቻ ተወስዶላቸው ከሆነ 27 ዶዝ ተረፈ ማለት ነው። እንግዲህ የሚተርፈውን መጠን የሚወስነው ከቀጠሮ የቀረው ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከቀትር በኋላ ስንት ብልቃጥ በአንድ ጊዜ ክፍት እንደነበረና የመጨረሻው ብልቃጥ በስንት ሰዓት እንደተከፈተም ጭምር ነው። የተረፈ ክትባትን ምሽት ላይ የሚመጣ ድንገተኛ ነገር አድርጎ የያዘ አገልግሎት ከወዲሁ ዘግይቷል፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚበላሸውም የሚስተካከለውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው።

ወደ መጀመሪያው አገልግሎት ልመለስ። ምዝገባው ያለ ክፍያ ነበር፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ዚፕ ኮድ፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ዓይነትና ያለብዎትን ሕመም ይጠይቃል። የጤና መድን ቁጥርም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ወረቀት ሲጠየቁ ከበሩ የሚመለሱ ሰዎች በሰፈራችን ስላሉ ይህን እንደ ትልቅ በጎ ነገር እቆጥረዋለሁ። አሠራሩም በሐሳብ ደረጃ መልካም ነው። ክትባት ሰጪው የተረፈውን ቁጥር ያስገባል፤ ሥርዓቱ በአካባቢው ካሉት ተመዝጋቢዎች መካከል በግዛቱ የቅድሚያ ደንብ መሠረት የሚቀድሙትን መርጦ መልእክት ይልክላቸዋል፤ የተላከለት ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ እመጣለሁ ብሎ ካልመለሰ ዕድሉ ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል። ሐኪም ወይም ነርስ የሚያውቅ ሰው በጓሮ በር እየገባ በሚከተብበት ወቅት፣ ትውውቅ የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ዝርዝር መኖሩን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለእናቴ ሦስት ጊዜ መልእክት መጣላት። የመጀመሪያው የመጣው አንድ ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ላይ በራሷ ስልክ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማስፈንጠሪያ ያለበት ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን እንዳትነካ እኔው ራሴ ሳስጠነቅቃት ስለኖርኩ፣ ሳትነካው አስቀምጣ ማታ ስገባ አሳየችኝ። በማግስቱ ስልኩን በእኔ ቁጥር ቀየርኩት። ሁለተኛው ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መጋዘን ስንገባ ስልክ በሎከር ውስጥ ስለምናስቀምጥ መልእክቱን ያየሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሦስተኛውን በአራት ደቂቃ ውስጥ መለስኩ። የተመደበልን ቦታ ግን 25 ማይል ርቀት ላይ ነበር፤ በ45 ደቂቃ እንድንደርስ ተነገረን፤ ሰዓቱ የሥራ መውጫ፣ መንገዱም ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ የታወቀው መጨናነቅ ያለበት ስለነበር አሥር ደቂቃ አርፍደን ደረስን። ክትባቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። በሩ ላይ ያገኘናት ሠራተኛ በጣም አዘነችልን፤ እኔም አልተቀየምኳትም። ስድስት ሰዓቱ ሊሞላ ሲል አጠገቧ ለቆመ ሰው መስጠቷ ትክክል ነበር፤ እኛን ጠብቃ ብትደፋው ኖሮ ጥፋት ይሆን ነበር። እናቴ በመመለሻችን መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ ያሰብኩበት ነገር ይህ ነው። ደንቡ እናቴን በዕድሜዋና በሕመሟ ከፊት አሰልፏታል፤ መልእክቱ ከተላከ በኋላ ግን ቀዳሚውን የሚለየው ሌላ ነገር ሆነ፤ ስልኩ በእጁ ያለ፣ እንግሊዝኛ በፍጥነት የሚያነብ፣ መኪና ያለው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሥራ የሌለበት ሰው። በዚህ አካባቢ የሚኖረው የእኛ ሰው ምን እንደሚሠራ አንባቢ ያውቃል፤ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል ጽዳት፣ በታክሲ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ነው። ብዙዎቹ ስልክ መያዝ የማይፈቀድባቸው ወይም ሥራ ጥሎ መውጣት ደመወዝ የሚያስቆርጥባቸው ናቸው። የምዝገባው ቅጽ ሕመምን ሲጠይቅ እነዚህን አልጠየቀም። በምን ቋንቋ እንጥራዎት? ከቤትዎ በስንት ደቂቃ ሊደርሱ ይችላሉ? መኪና አለዎት? በየትኛው ሰዓት ሊገኙ ይችላሉ? አራት ጥያቄ ቢጨመር እናቴ 25 ማይል ርቆ ለሚገኝ ቦታ ባልተጠራች፣ ያ ዶዝም ከመጀመሪያው እዚያው አጠገብ ለሚኖር አረጋዊ በቀረበ ነበር። ከሦስቱ የጎደሉት ኮከቦች ሁለቱ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሦስተኛው ኮከብ ምክንያት ሁለተኛው ዶዝ ነው። ሞደርና ያን ጊዜ በ28 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረ ሲሆን አገልግሎቱ ስለ ሁለተኛው ምንም ኃላፊነት አይወስድም ነበር፤ በአንድ ምሽት ዕድል ያገኘ ሰው ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና ቀጠሮ ፍለጋ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ይህ አሠራር በሌሎችም ዘንድ የተሞከረ ስለሆነ ለማነጻጸር ያህል ሁለት ልጥቀስ። በአሜሪካ በስፋት የታወቀው ዶክተር ቢ የተባለው አገልግሎት ነው፤ ዞክዶክ የተባለውን የሐኪም ቀጠሮ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሳይረስ ማሱሚ የጀመረው ሲሆን፣ ስሙ በ1918ቱ ወረርሽኝ ዘመን ሐኪም ለሆኑት አያቱ መታሰቢያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል፤ ከዚህ ቁጥር የምረዳው ሰው ምን ያህል በሥርዓት መሰለፍ ይፈልግ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው የደቡብ ኮሪያ ነው። እዚያ ከሜይ 27 ቀን 2021 ጀምሮ ሕዝቡ በየዕለቱ በሚጠቀምባቸው ናቨርና ካካኦ በተባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ካርታ ላይ፣ በየትኛው ክሊኒክ ስንት ዶዝ እንደተረፈ እየታየ ቀድሞ የነካው እንዲያስመዘግብ ተደረገ። ይህም የእጅ ፍጥነት ውድድር ነው፤ ነገር ግን በኮሪያ አረጋውያን የራሳቸው ቀጠሮ ነበራቸው፣ በመተግበሪያው ላይ የሚታየውም በእርግጥ ከእነርሱ የተረፈው ነበር። ከዚህም በላይ በጁን ወር ክሊኒኮች በስልክ የሚይዙት የተጠባባቂ ዝርዝር 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ለወጣቱ መተግበሪያ፣ ለሽማግሌው የስልክ ጥሪ ማለት ነው። ይህ ውሳኔ ቀላል ቢመስልም ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድ ፍጥነት አለማወዳደር ነው፤ እኛ ዘንድ የጎደለውም ይኸው ነበር።

አንድ ሰው ታዲያ ወጊው ለምን ራሱ ስልኩን አንሥቶ አይደውልም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ወቅት የነበረውን ፍርሃት ማስታወስ ያስፈልጋል። የኒው ዮርክ ገዢ የነበሩት አንድሩ ኮሞ በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ክትባት ያለ ተራው የሚሰጥ ተቋም እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀጣ አወጁ፤ በሳምንቱ ደግሞ የተቀበለውን ክትባት በሰባት ቀን ውስጥ የማይጨርስ ሆስፒታል እስከ 100,000 ዶላር እንደሚቀጣ አስታወቁ። ሐኪሙ ቢሰጥም ባይሰጥም የሚቀጣበት ሁኔታ ስለተፈጠረ ዶዝ የደፉ ተቋማት ነበሩ። በቴክሳስ፣ ሂዩስተን አጠገብ፣ ዶክተር ሐሰን ጎካል ዲሴምበር 29 ቀን 2020 ማታ የክትባቱ ጣቢያ ሊዘጋ ሲል ለአንድ ሰው በተከፈተ ብልቃጥ ውስጥ አሥር ዶዝ ቀረባቸው። ስልክ እየደወሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በአብዛኛው ለአረጋውያንና ለሕሙማን ሰጡ፤ የመጨረሻውን ደቂቃዎች ሲቀሩት ከባድ የሳንባ ሕመም ላለባት ባለቤታቸው ወጉ። ለዚህም ከሥራ ተባረሩ፤ በስርቆት ተከሰሱ፤ ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ በጁን 2021 ደግሞ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ሸንጎ (ግራንድ ጁሪ) ሊከሳቸው እንደማይፈልግ ወሰነ። ሐኪሙ በኋላ እንደተናገሩት፣ ከተወጉት ሰዎች መካከል የህንድ ስሞች መብዛታቸው በአለቆቻቸው ዘንድ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። እኚህን ሐኪም ጥፋተኛ አልላቸውም፤ ስድስት ሰዓት ከፊታቸው ተቀምጦ ያደረጉት ሁሉ ሰውን ለማዳን ነው። ነገር ግን በሌሊት በስልክ የሚደውል ሰው የሚደውለው ለሚያውቀው ነው፤ የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ የራሱን ወገን ነው። አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ቢኖራቸው ኖሮ ክሱም ጥያቄውም ባልመጣ ነበር።

በጃንዋሪ 26 ቀን 2021 በኦሪገን፣ የጆሴፊን ካውንቲ የጤና ሠራተኞች ከክትባት ዘመቻ ሲመለሱ በበረዶ መንገድ ተዘግቶባቸው ስድስት የሞደርና ዶዝ በእጃቸው ሊበላሽ ሲል፣ ከመኪና መኪና በእግራቸው እየሄዱ አብረዋቸው ለቆሙ መንገደኞች ወግተዋል። ይህን ታሪክ ሳነብ አለቀስኩ ብል ውሸት አይሆንም። እዚያ ዝርዝር ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ አጠገብ ላለ ሰው መስጠት ፍትሕ ነው። የእኛ ፋርማሲዎች ግን በየቀኑ የሚከፈቱና በየቀኑ የሚዘጉ ናቸው፤ በረዶ አልዘጋባቸውም።

ሁለተኛውን አገልግሎት ያገኘነው በዚህ መካከል ነው። የእናቴን የስኳር መድኃኒት የምንወስድበት የሰፈር ፋርማሲ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሞደርና መቀበል ጀመረ። ባለቤቱ አረጋዊ ፋርማሲስት ናቸው፤ ከእርሳቸው ጋር አማርኛ የምትናገር አንዲት ወጣት ረዳትና ስፓኒሽ የሚናገር ሌላ ረዳት ይሠራሉ። ባንኮኒው ላይ ትልቅ ባለ መስመር ደብተር አለ። በእያንዳንዱ መስመር ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ ስልክ፣ ቋንቋ፣ ከቤት እስከ ፋርማሲው የሚፈጀው ጊዜና የሚመቸው ሰዓት ይጻፋል። ስም ከተጻፈ አይፋቅም፤ ሰውየው ሲጠራ ቀኑና ውጤቱ ከጎኑ ይሰፍራል። የተፈቀደላቸው ሰዎች በዕድሜ ቅደም ተከተል ይጠራሉ፤ ከእነርሱ የሚመጣ ከጠፋ ብቻ ከአጠገቡ ባለው ግሮሰሪ የሚሠሩትና ሌሎችም ይጠራሉ፤ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ግን ምንም እንዲሄድ ፋርማሲስቱ አይፈቅዱም።

ከሁሉ ይልቅ ያደነቅኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሠሩትን ሥራ ነው። ረዳቷ የቀሩትን ቀጠሮዎች ትቆጥራለች፤ ለእያንዳንዱ ደውላ መምጣቱን ታረጋግጣለች፤ ምን ያህል እንደሚተርፍ ትገምታለች። ከዚያም ከደብተሩ አናት ላይ ላሉት አምስት ስድስት ሰዎች ደውላ፣ ዛሬ ማታ ልንጠራዎት እንችላለን፣ ስልክዎን አጠገብዎ ያድርጉ ትላቸዋለች። ሰው የሚጠየቀው በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲወስን ሳይሆን ሦስትና አራት ሰዓት አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ አዲስ ብልቃጥ ለመክፈት ፋርማሲስቱ ቢያንስ ስምንት የተረጋገጡ ሰዎች ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ካነሰ የመጨረሻዎቹን ባለ ቀጠሮዎች በማግስቱ ጠዋት እንዲመጡ ይለምኗቸዋል፤ ያልተከፈተ ብልቃጥ በፍሪጅ ውስጥ በሰላም ያድራልና። ስልክ ያላነሣ ሰው ሁለት ጊዜ ይደወልለታል፤ ካልተገኘም ተራውን አያጣም፤ በሚቀጥለው ቀን ከእርሱ ይጀመራል። በኢንተርኔቱ አገልግሎት ሎከር ውስጥ የቀረው ስልኬ ዕድላችንን እንደወሰደው የሚያስታውስ ሰው የዚህን ደንብ ትርጉም ይረዳል።

እናቴን የጠሯት በማርች ሁለተኛ ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ነው። ረዳቷ በቀን ደውላ አዘጋጅታት ስለነበር ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ «እማማ፣ ሁለት ሰው ቀርቷል፤ እስከ አንድ ሰዓት መድረስ ይችላሉ?» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ደርባ በእግሯ 12 ደቂቃ ሄዳ ደረሰች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ማንም አላደረሳትም፤ ማንም አላስተረጎመላትም። ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ እንድትቆይ ወንበር ሰጧት፤ የሁለተኛው ዶዝ ቀንም እዚያው በካርዷ ላይ ተጻፈላት።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ አምስተኛውን ኮከብ ለምን እንደነፈግሁ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ጉድለቱ እኛን የጠቀመ ጉድለት ነው። ስለ ደብተሩ ያወቅነው የፋርማሲው ደንበኞች ስለሆንን ነው። በበሩ ላይ ማስታወቂያ አልነበረም። አማርኛ የምትናገር ረዳት በመኖሯ በደብተሩ ውስጥ የእኛ ሰዎች ስም ብዙ ነበር፤ በሰፈሩ የሚኖሩት ቬትናሞች ግን፣ እኔ እስካየሁት፣ አንድም አልነበሩም። ፋርማሲስቱን በትሕትና ጠየቅኋቸው። በጃንዋሪ በዲሲ የሱፐርማርኬት ፋርማሲዎች የተረፈ ክትባት ይሰጣሉ የሚል ወሬ ተሰምቶ ሰዎች በመዝጊያ ሰዓት መሰለፍ እንደጀመሩ አስታወሱኝ፤ ማስታወቂያ ቢለጠፍ ጉልበትና ጊዜ ያለው ከሩቅ መጥቶ በሩን ይሞላዋል፣ በእግሯ የምትመጣ አሮጊት ደግሞ በብርድ ትቆማለች አሉኝ። ምክንያታቸውን አከብራለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተቀበልኩትም። በበሩ ላይ መለጠፍና ዝም ማለት ብቻ አይደሉም ያሉት አማራጮች። ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመስጊዱ፣ ለአረጋውያን ማዕከሉና ለቬትናሞቹ ማኅበር ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር መስመር ቢሰጥና እነርሱ ከመካከላቸው የባሰባቸውን መርጠው ቢያስመዘግቡ ደብተሩ ሰፈሩን ይመስል ነበር። የዶክተር ጎካል ችግር በትንሹ እዚህም ነበረ፤ ልዩነቱ ማንም ስላልጠየቀ ብቻ ነው።

የደብተሩ አሠራር ለእኔ አዲስ አልነበረም። እህቴ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆና ስትሠራ የኩፍኝ ክትባት ባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው የቢሲጂ ደግሞ ባለ 20 ነበር፤ ሁለቱም ከተበጠበጡ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆዩም። ለአንድ ሕፃን ብላ ብልቃጥ ብትከፍት ዘጠኙን ልትደፋ ትችላለች፤ ባትከፍት ደግሞ ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘች እናት ሳታስከትብ ትመለሳለች። ስለዚህ አስቀድማ የየቤቱ የጤና መዝገብ በሆነው በቤተሰብ ፎልደሩ ላይ ዕድሜያቸው የደረሱትን ሕፃናት ትለያለች፤ የክትባቱን ቀን ትወስናለች፤ በዋዜማው በየጎጡ እየዞረች ትነግራለች። ያልመጡትን ስም ይዛ እንደገና ትሄዳለች። ማርች 7 ቀን 2021 ኢትዮጵያ ክትባትን ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር በኮቫክስ በኩል የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ዶዝ ስትቀበል፣ ብልቃጥ ከመክፈት በፊት ሰው መሰብሰብን የሚያውቅ ባለሙያ አገሪቱ ውስጥ በብዛት እንዳለ አስቤ ነበር። እናቴን የጠራቻት ረዳት ስለ ጤና ኬላ ምንም አታውቅም፤ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእህቴ ጋር ብትገናኝ ሥራቸውን በቅጽበት ይግባቡ ነበር።

የኢንተርኔቱ አገልግሎት ይጥፋ አልልም። ደብተር አንድ ሰፈርን እንጂ አንድ ግዛትን ሊያገለግል አይችልም፤ የረዳቷ ትጋት ከሌለም ደብተሩ ተራ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ዳግም ለሚያቋቁም ሰው የምለምነው ጥሪውን ከምሽት ወደ ቀትር በኋላ እንዲያመጣው፣ መልእክቱን በሰውየው ቋንቋ እንዲልከው፣ ርቀትን በደቂቃ እንዲለካው፣ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅ እንዲደውልለት፣ ያልመለሰም ተራውን እንዳያጣ ነው። ከእነዚህ አንዱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

እናቴ ለሁለተኛው ዶዝ በ28ኛው ቀን ተመለሰች፤ የዚያን ቀን እኔም አብሬያት ነበርኩ። በወንበሩ ላይ 15 ደቂቃዋን ስትጠብቅ ሰዓቱ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ባንኮኒው ላይ አንድ ዶዝ የቀረበት ብልቃጥ ተቀምጧል። ስፓኒሽ የሚናገረው ረዳት ደብተሩን ከፍቶ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያወረደ ደወለ፤ አልተነሣም፤ እንደገና ደወለ፤ በሁለተኛው ተነሣ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዲት ወፍራም ሹራብ የለበሱ አሮጊት እያለከለኩ ሲገቡ እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላቸው።